አዲስ ጠመንጃ ሳይተኮስበት አይፈታ

አዲስ የአደን ጠመንጃ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ምክር «ተኩስበት» የሚል አይደለም፤ «ፈትተህ ሰደፉን አስነጥፈው» የሚል ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብረቱ ከእንጨቱ ይለያል፤ ዋናው ብረት የሚያርፍበት ጎድጓዳ በእስካርፔሎ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይፋቃል፤ የተፋቀው ቦታ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዱቄት በተቀላቀለበት ኤፖክሲ ይሞላል፤ ብረቱ ሰም ተቀብቶ እላዩ ይቀመጥና ሙጫው ሲደርቅ የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጠመንጃ ሠሪዎች ቤዲንግ ይሉታል፤ እዚህ ንጣፍ ተብሏል። ችግር ላለበት ጠመንጃ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ጥቅም እንዳለው የሚክድ የለም። ስሕተቱ ንጣፍ የአዲስ ጠመንጃ ሁሉ መመረቂያ መደረጉ ነው። አንድ ጥይት ያልተተኮሰበትን ጠመንጃ ፈትቶ መፋቅ ያልታመመን ሰው ለቀዶ ሕክምና ማጋደም ነው፤ እንደ ከሚሴ ባለ ቦታ ደግሞ ጉዳቱ ከሌላው ይብሳል።

የአስነጥፉ ባዮች ክርክር ተራ አይደለም፤ በሙሉ ጉልበቱ መቅረብ ይገባዋል። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል። ርግጫውን የሚቀበለው ከዋናው ብረት ሥር ወደ ታች የወጣ ጥርስ ነው፤ ጥርሱም በእንጨቱ ውስጥ ካለ ግድግዳ ጋር ይጋፋል። ጥርሱና ግድግዳው እኩል ካልተገናኙ፣ ብረቱም በሁለት ሦስት ጉብታ ላይ ብቻ ካረፈ፣ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ብረቱ በጥቂቱ ይለመጣል፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላም ወደ ተነሣበት ቦታ በትክክል አይመለስም። ውጤቱ የተበታተነ ምት ነው። ፋብሪካ ደግሞ በገፍ የሚያወጣውን ሰደፍ አንድ በአንድ በእጅ አያስማማም። ይህ የመጀመሪያው ነጥብ ነው። ሁለተኛው እንጨቱን ይመለከታል፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በማያብጥና በማይኮማተር ሙጫ መተካት አለበት ይላሉ። ሦስተኛው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። አውሬን አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው፤ በፈቃድ በሚካሄድ አደን ልማድም ቆስሎ ያመለጠ አውሬ እንደተገደለ ይቆጠራል። ታዲያ በጥቂት ብር ንጣፍ ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀድሞ መከላከል አይሻልም? አራተኛው ምስክር መጥራት ነው፤ የኢላማ ተወዳዳሪዎችና የሠራዊት አልሞ ተኳሾች ጠመንጃቸውን ያስነጥፋሉ፤ እነሱን ያመነ አዳኝ ምን ያጣል?

ከእነዚህ ሁሉ ለከሚሴ አዳኝ የሚቀርበው የእንጨቱ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት ነው። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አጠገብ ተቀምጣለች። በክረምት ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ሣር ሲመጣ ከሜዳው ዳር ያለው መሬት ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ከሚሴን ለቆ ሽቅብ ደሴ የወጣ ሰው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብርድና ጉም ያገኛል፤ ቁልቁል በደዌ ሐረዋ በኩል ወደ አፋር የወረደ ደግሞ ደረቅ ቆላ ውስጥ ይገባል። አንድ ጠመንጃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም አየር ሊቀምስ ይችላል። እንጨቱ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ክርክሩ የሚፈርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ የሚንቀሳቀሰው ሙጫው በሚነጠፍበት ቦታ ብቻ አይደለም።

ሒሳቡን ማየት ይበቃል። ለሰደፍ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ የአሜሪካ ጥቁር ዋልነት ነው። ይህ እንጨት ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ሲደርስ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ 7.8 በመቶ፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ 5.5 በመቶ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን የሚያጥረው ከግማሽ በመቶም በታች ነው። አየሩ 40 በመቶ እርጥበት ሲኖረው እንጨት ውሎ አድሮ 8 በመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ 16 በመቶ ገደማ። የዚህ ልዩነት ውጤት በ4 ሴንቲሜትር ውፍረት ላይ 0.8 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ቫርኒሽ የተቀባ ሰደፍ እርጥበቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ሙሉውን አይደርስም እንበል፤ ግማሹን ብቻ ቢደርስ እንኳ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም የአራት ቅጠል የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ይህ እብጠት ምት የሚያበላሸው የት ላይ ነው? በአብዛኛው ከበርሜሉ ሥር ወደ ፊት በተዘረጋው ረጅም እንጨት ላይ ነው። ያ እንጨት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም በርሜሉን ይነካል፤ በርሜሉ በተነካ ቁጥር ምቱ ቦታ ይለውጣል። ታዲያ ከጥርሱ ዙሪያ የተነጠፈ ሁለት ሚሊሜትር ኤፖክሲ አንድ ክንድ ርቆ የሚጣመመውን እንጨት እንዴት ሊያቆመው ይችላል?

አያቆመውም። የሚያቆመው ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም የብረቱን ማረፊያ መፋቅም ሙጫ መሙላትም አይጠይቅም። በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አንድ ወረቀት ታጥፎ ከጫፍ እስከ ዋናው ብረት ድረስ ይጎተታል። ወረቀቱ ሳይያዝ ካለፈ እንጨቱ በርሜሉን አልነካም። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ፣ የያዘበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እየተባለ ይከፈታል። ከዚያ የሚቀረው እርጥበት እንዳይገባ መድፈን ነው። ፋብሪካዎች የሰደፉን ውጭ አሳምረው ይቀባሉ፤ ውስጡን፣ በተለይም የበርሜሉን ቦይና ከሰደፉ ጫፍ ላስቲክ ሥር ያለውን የተቆረጠ እንጨት፣ ብዙ ጊዜ ሳይቀቡ ወይም ለስሙ ያህል ብቻ ቀብተው ይተዉታል። ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ሁለት ሦስት እጅ ቫርኒሽ እዚያ ላይ የሚሠራውን ሥራ የትኛውም ንጣፍ አይሠራውም። የተልባ ዘይት ለእንጨቱ ውበት ይሰጣል፤ እርጥበት በማገድ ግን ከቫርኒሽ በብዙ ያንሳል።

ጊዜውም በአስነጣፊዎቹ ላይ ይመሰክራል። በሌላ አገር ፋብሪካ የተጠረበ፣ በሌላ አገር መጋዘን የከረመ ሰደፍ ከሚሴ ሲደርስ ገና አየሩን አልለመደም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ እስኪያልፉበት ድረስ እርጥበት እየሰጠና እየተቀበለ ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት የተነጠፈ ኤፖክሲ የሚይዘው ይህን ገና ያልረጋ ቅርጽ ነው። እንጨቱ ሲረጋ ሙጫው እንደነበረ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ቀድሞ ያልነበረ ግፊት ይፈጠራል። እንጨት ይንቀሳቀሳል የሚለው ክርክር ራሱ፣ በትክክል ከተወሰደ፣ ቶሎ አታስነጥፍ ወደሚል መደምደሚያ ነው የሚያደርሰው።

አልሞ ተኳሾችን ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው የምስክሩን ቃል እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። የአሜሪካ ማሪን ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 አገልግሎት ላይ ያዋለው ኤም 40 የተባለ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ነበረው። በቬትናም ጫካ እርጥበት እንጨቱ አብጦ በርሜሉን መግፋት ጀመረ። በ1970ዎቹ የመጣው ኤም 40ኤ1 ይዞት የመጣው መፍትሔ ምን ነበር? እንጨቱን አውልቆ በፋይበርግላስ ሰደፍ መተካት ነው። ፋይበርግላሱም ተነጥፎበታል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ጦሩ የተነሣው በጫካ ከታየ ጥፋት ነው፤ እርምጃውም ጥፋቱን ያመጣውን እንጨት ከሥሩ አስወገደ። እንጨቱን ትቶ ሙጫውን ብቻ መኮረጅ ከዚህ ታሪክ የማይረባውን ግማሽ መውሰድ ነው።

የፋብሪካ ሰደፍ ሁሉ ያልተስማማ ነው የሚለው ነጥብም ጊዜ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፊንላንዱ ቲካ ቲ3 ጥርሱ ከብረቱ ተለይቶ በሰደፉ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ለጥርሱ የተቆረጠ ቦይ አለ። ሳቬጅ ፋብሪካ በ2009 አኩስቶክ ብሎ ያወጣው ሰደፍ በውስጡ የአሉሚኒየም ሐዲድ ይዟል። በ2012 የወጣውና በርካሽነቱ የሚታወቀው ሩገር አሜሪካን እንኳ ብረቱን የሚያሳርፉ የብረት መቀመጫዎች በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብረውለታል። እነዚህን ፍቆ ኤፖክሲ ማፍሰስ ፋብሪካው ለዚያ ጠመንጃ አስቦ የሠራውን ማፍረስ ነው። «አዲስ ጠመንጃ ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ምክር የጠመንጃውን ስም እንኳ አልጠየቀም።

ብረቱን በጽኑ የማስቀመጥ ሐሳብ ራሱም አዲስ አይደለም። የ1898ቱ ሞዘር ርግጫውን የሚቀበል ጥርስ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራለት፣ የኋላ ብሎኑም በእንጨቱ ውስጥ በብረት ቱቦ የሚያልፍ ጠመንጃ ነው። ቱቦው ብሎኑ እንጨቱን ሳይጨፈልቅ ብረትን ከብረት እንዲያጠብቅ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ያስመጣቻቸው ሞዘሮች የዚህ ንድፍ ልጆች ናቸው። ኤፖክሲ ለገበያ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ብረቱን በጽኑ ማስቀመጥ ከኤፖክሲ በፊትም ይታሰብ፣ ይሠራም ነበር ማለት ነው፤ መንገዱ አንድ ብቻ የሆነበት ጊዜ የለም።

የመቀመጫው ጥፋት ካለ ደግሞ ራሱን ያሳያል፤ ለማየትም እስካርፔሎ አያስፈልግም። ባዶነቱ ሁለት ጊዜ የተረጋገጠ ጠመንጃ ሰደፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞርሳ ላይ ይያዛል፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ይሆናል። የአንድ እጅ ጣት በርሜሉና የእንጨቱ ጫፍ በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱንም እየነካ ይቀመጣል። በሌላው እጅ የፊተኛው ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ይላላል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ እንደገና ይላላል። ብረቱ በደንብ ያረፈ ከሆነ ጣቱ ምንም አይሰማውም። በርሜሉ ከእንጨቱ ሲርቅና ሲቀርብ ከተሰማው ግን ብረቱ በጉብታ ላይ ተቀምጧል፤ ብሎኑ እየለመጠው ነው። ይህ ሙከራ አንድ ጥይት አያስወጣም፣ አንድ ስንጥር እንጨት አያነሣም፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ታዲያ ይህን ሳያደርጉ ወደ ሙጫ መሮጥ በምን ይደገፋል?

ብዙዎቹን የሚያሳምናቸው ግን ወረቀት ላይ የታየ ነገር ነው፤ «ከመነጠፉ በፊት 4 ሴንቲሜትር ይበትን ነበር፣ ከተነጠፈ በኋላ ወደ 2 ተኩል ወረደ» ይላሉ። ስንት ጥይት ተተኩሶ? ሦስት። በሦስት ጥይት የሚፈረድ ፍርድ ለራሱ ለጠመንጃው ግፍ ነው። አንድ ምንም ያልተነካ ጠመንጃ በሦስት ሦስት ጥይት ደጋግሞ ቢተኮስና አማካዩ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አንዱ ወረቀት 2፣ ሌላው 4 ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ የዕድል መዋዠቅ እንጂ የሰደፉ ለውጥ አይደለም። ያው ጠመንጃ በአምስት ጥይት ሲለካ በአማካይ ወደ 3.8፣ በአሥር ጥይት ሲለካ ወደ 4.7 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ጥይት በበዛ ቁጥር ዳር የሚወጣ አንድ መገኘቱ ስለማይቀር ነው። እንግዲህ መጀመሪያ በመጥፎ ቀን በሦስት ጥይት 4 አግኝቶ፣ ኋላ በደህና ቀን በሦስት ጥይት 2 ተኩል ያገኘ ሰው ስለ ንጣፉ የተማረው ነገር የለም።

ከዚህም የባሰ አለ። ለንጣፍ የተፈታ ጠመንጃ ሲገጠም ብሎኖቹ እንደ አዲስ ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ቴሌስኮፑ ወርዶ እንደገና ይታሰራል፤ በርሜሉ ይጸዳል። ከካርቶን በወጣ ጠመንጃ ላይ ምት ከሚያበትኑት ነገሮች ዋነኞቹ እነዚሁ ናቸው፤ የላላ ብሎንና የላላ የቴሌስኮፕ ማሰሪያ። መሻሻል ቢኖር እንኳ ከሙጫው ይሁን ከካቻቢቴው በምን ይለያል? አስነጥፉ ባዮች ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለውጠው ምስጋናውን ሁሉ ለአንዱ ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ንጣፉ እውነትም ግማሽ ሴንቲሜትር ይቀንሳል ቢባል፣ ለማን ይጠቅማል? የኢላማ ተወዳዳሪ የሚሸነፈው በሚሊሜትር ነው። አዳኝ የሚፈለግበት ሌላ ነው። የከርከሮ ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ስፋቱ ከ15 ሴንቲሜትር አያንስም፤ የሳላ ከዚያ ይበልጣል። በ100 ሜትር 5 ሴንቲሜትር የሚበትን ጠመንጃ በ200 ሜትር 10 ገደማ ይበትናል፤ ይህም ካነጣጠሩበት ነጥብ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አውሬው በጠመንጃው ምክንያት አይሳትም። የሚሳተው ተኳሹ ሽቅብ ሮጦ ትንፋሹ ሳይመለስ ስለተኮሰ፣ ቃታውን ስቦ ሳይሆን መንጭቆ ስለለቀቀ፣ 250 ሜትሩን 150 ብሎ ስለገመተ ነው። እነዚህ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ያስታሉ፤ ኤፖክሲ ደግሞ አንዳቸውንም አያክምም። አውሬ ቆስሎ እንዳያመልጥ በእውነት የሚጨነቅ ሰው ከተቀመጠበት፣ ከተንበረከከበትና ከዛፍ ተደግፎ መተኮስን ይለማመዳል።

ለከሚሴ አዳኝ ከባድ የሚመስል አንድ መልስ ግን ከዚህ ላይ ይነሣል፤ ጥይት ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፣ በሕግም ቁጥጥር አለበት፤ ስለዚህ ጥይት እያባከኑ ከመፈተን አስነጥፎ መገላገል ይቀላል ይላሉ። ክርክሩ ራሱን ይቃወማል። የተነጠፈ ጠመንጃ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ ማነጣጠሪያው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ንጣፉ መሥራቱን ለማወቅም እንደገና መተኮስ ይጠይቃል። ንጣፍ ከፈተና አያድንም፤ ፈተና ይጨምራል። ጥይት ለመቆጠብ የሚያስነጥፍ ሰው ይበልጥ ያወጣል። ሳይተኩስ ወደ አደን ከወጣ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን መርጧል፤ ጠመንጃው የት እንደሚመታ አያውቅም።

ንጣፍ ርካሽ መድን ነው የሚለው ቃልም መመርመር አለበት። መድን ጉዳት ሲደርስ የሚክስ ነው፤ ንጣፍ ግን ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ የተፋቀ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ሰም ያልዳረሰው አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሙጫ ከገባ ብረትና እንጨት አንድ ሆነው ይደርቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው መዶሻ ነው፤ ሰደፉም አብሮ ይሄዳል። የጥርሱ ፊትና ጎን በፕላስተር ካልተሸፈነ ጥርሱ በሁሉም በኩል ተወጥሮ ይያዛል፤ ወደ ኋላ ብቻ መደገፍ ሲገባው። ሙጫው ሲደርቅ ብሎኖቹ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ደግሞ መለመጡ ራሱ ኤፖክሲው ውስጥ ለዘላለም ይቀረጻል፤ ሊያስወግዱት የተነሡትን ጥፋት በድንጋይ ጻፉት ማለት ነው። በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ የሚገኘው በአምስት ደቂቃ የሚደርቅ ሙጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብረቱ ቦታውን ሳይዝ ይጠነክራል። በክፍል ሙቀት ከሚደርቁት ኤፖክሲዎች ብዙዎቹ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ መላላት ይጀምራሉ። የቆላ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ጠመንጃ ብረቱ ያን ያህል ሊግል እንደሚችል በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ላይ የፋብሪካው ዋስትና ሊቋረጥ ይችላል፤ ብዙ ፋብሪካዎች የተፋቀ ሰደፍ አይቀበሉም። ሕግም አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ብቻ ሳይሆን መጠገንንም ከፈቃድ ጋር አያይዞታል። ሳያስፈልግ ጠመንጃን ለማንኛውም አናጢ እጅ መስጠት የሚያስከትለው የሰደፍ መበላሸት ብቻ አይደለም።

ንጣፍ የሚገባበት ቦታ አለ፤ መለየት ግን ያስፈልጋል። እንደ .375 ኤች ኤንድ ኤች እና .458 ያሉ ከባድ ርግጫ ያላቸው ጠመንጃዎች የእንጨት ሰደፍ ካላቸው፣ ጥርሱ ከግድግዳው ጋር በግማሽ ጎኑ ብቻ ሲገናኝ እንጨቱ ከብረቱ ጭራ በኩል ሊሰነጠቅ ይችላል። እነዚህ ገና ከመጀመሪያው ተፈትተው መታየት አለባቸው፤ ጥርሱ ላይ ጥቂት የመብራት ጥላሸት ተቀብቶ ሲገጠምና ሲወጣ እንጨቱ ላይ ያረፈው ጥቁር ምልክት የመገናኛውን ስፋት ያሳያል። ምልክቱ ሙሉ ከሆነ እዚህም መፋቅ አያስፈልግም። ሰደፉ ተሰብሮ ከዋንዛ ወይም ከወይራ አዲስ የተጠረበለት አሮጌ ምንሽርም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ፋብሪካ ያስማማው ነገር ስለሌለ ማስማማቱ ከዜሮ ይጀምራል። ነገሩ ግን ስለ አዲስ ጠመንጃ ነው፤ የአሮጌ ምንሽር ችግር የአዲስ ቲካ ችግር ተደርጎ መወሰዱ ነው ብዙውን ስሕተት ያመጣው።

ለአዲሱ የሚገባው ሥርዓት ይህ ነው። ብሎኖቹ ፋብሪካው በመመሪያው ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ ለእንጨት ሰደፍ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም ላለው ከዚያ ይበልጣል። የቴሌስኮፑ ማሰሪያ ይፈተሻል። ወረቀቱ ከበርሜሉ ሥር ይጎተታል፤ ጣት ብሎኑ ሲላላ ብረቱን ያዳምጣል። ከዚያ በፈቃድና ለተኩስ በተከለለ ቦታ፣ ከአሸዋ ከረጢት ላይ፣ በርሜሉ በየመካከሉ እየቀዘቀዘ፣ አምስት አምስት ጥይት ሁለት ጊዜ ይተኮሳል። ውጤቱ ካላረካ ከሰደፉ በፊት ሌላ ዓይነት ጥይት ይሞከራል፤ አንድ ጠመንጃ በአንዱ ጥይት 6 በሌላው 3 ሴንቲሜትር ሲበትን ማየት ብርቅ አይደለም። ፈተናው መስከረም ላይ፣ እንጨቱ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ጥር ላይ ደርቆ ሳለ ሌላ ጊዜ ይደረጋል። በሁለቱ ወራት መካከል ምቱ ቦታ ከለወጠ፣ ወይም ብሎኑ ሲላላ ብረቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር ማነጣጠሪያው ከሳተ፣ ያኔ የጥፋቱ ቦታ ታውቋል፤ ጠመንጃው በበጋ፣ እንጨቱ ከረጋ በኋላ፣ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይሰጥና ቀስ ብሎ በሚደርቅ፣ ሙቀት በሚችል ኤፖክሲ ይነጠፍ።

ከእነዚህ አንዱም ካልታየበት ግን ጠመንጃውን መንካት አይገባም፤ ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙም ልፋቅ ባዩ ላይ ነው። የመስከረምና የጥር ወር ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘርጉ፤ አስነጥፉ የሚል ሰው ከሃያው ቀዳዳ የትኛው እስካርፔሎ እንደጠራ በጣቱ ያሳይ።